ገበያ የመሰለው ለቅሶህ

ተክልዬ፣ የሰብለ አባት፤

ካጣንህ ዓመት ሞላ። "ዓመት ሞላ" ብዬ ስጽፍ እንኳ ዞር ብዬ በሩን አያለሁ፤ ዓመት የሚቆጠረው ለሞተ ሰው ነው፣ አንተን ደግሞ እንደ ሟች እንድንቆጥርህ አልተፈቀደልንም። ሰብለ ትምህርት ቤት ናት። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ነው የምጽፍልህ፤ ሰው ቢያንኳኳ ወረቀቱን የት እንደምሸጉጠው አስቀድሜ አስቤበታለሁ። "አንቺ ፈሪ" እያልክ ስታሾፍብኝ ትዝ ይልሃል? ነጎድጓድ ሲያጓራ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባ ነበር፤ ከጋራው ጅብ ሲጮህ ክንድህን ጭብጥ አደርግ ነበር። ያ ፍርሃት አልነበረም ተክልዬ፣ ቅብጠት ነበር። ፍርሃት ምን እንደሆነ የተማርኩት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ የተለወጠውን ልንገርህ። ሰብለ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አብቅላለች፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። ስኳር ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በራሽን ሆኗል፤ ሲጠፋ ለደንበኛ ሻዩን ከከረሜላ ጋር አቀርባለሁ። የሥራ ቱታህን ጋራዡ "የመንግሥት ንብረት ነው" ብሎ ስላስጠየቀኝ አጥቤ፣ ተኩሼ መለስኩላቸው። ኪሱ ውስጥ ያገኘሁትን ብሎን ግን አስቀረሁት። ስርቆት ከሆነም ይኸው፣ ሚስትህ ሌባ ሆነችልህ።

የዛሬው ጉዳዬ ሌላ ነው። የምጽፍልህ ስለ ሻይ ቤታችን ግብር ነው። ሴት ለሞተ ባሏ ስለ ግብር ትጽፋለች ወይ ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ሳቅ። እኔ ግን በዚህ ነገር እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ፤ ሙሉውን የምናገርለት ሰው ደግሞ የለኝም።

ከለቅሶህ ልጀምር፤ ነገሩ የተወሳሰበው እዚያ ላይ ነው። መሞትህን ሊነግረኝ የመጣው የቀበሌ ሰው በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። አስከሬን እንደማይሰጠን፣ ድንኳን እንደማይተከል፣ ጥቁር እንደማይለበስ ነገረኝ። "ሻይ ቤቱንም እንዳትዘጊ፤ እዚህ ሐዘን አለ እንዲባል አንፈልግም" አለኝ። ለምን እንደ ወሰዱህ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በማግስቱ ያቺን አበባ አበባ ያለባትን ቀሚሴን ለብሼ ከፈትኩ። ውኃ ጣድኩ። ብርጭቆ ሰበርኩ፣ ጠረግሁ፣ ደግሞ ሰበርኩ።

ከዚያ ከጋራዡ አንድ ባልደረባህ ገባ። ጥግ ላይ ተቀመጠና "አንድ ሻይ" አለ። ጠጣ፣ ሳንቲሙን አስቀመጠ፣ ፊቴን ሳያይ ወጣ። ወዲያው ሌላው መጣ። ከዚያ የእድራችን ሰዎች መጡ፤ ከዚያ ጋራው ሥር አብረውህ ያደጉት። ማንም አላቀደውም፣ ማንም ለማንም አልተናገረም። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ማለት ስላልቻሉ "አንድ ሻይ" አሉኝ። እኔም "አሜን" ማለት ስላልቻልኩ "ስኳሩ ይበቃል?" አልኳቸው። አግዳሚው ሞልቶ በር ላይ ቆመው የሚጠጡ ነበሩ። ሁሉም ብርጭቆው ውስጥ አቀርቅሮ ያያል፤ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። እናትህ በየቀኑ ከጋራው በእግራቸው እየወረዱ መጡ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ሻይ አዘዙ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፈሉ። አልቀበልም ብላቸው ሰው ያያል። የልጃቸውን ሬሳ ያላዩ እናት ከእጄ የሳንቲም መልስ ተቀብለው ይሄዱ ነበር። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ተክልዬ፤ ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?

የቤት ግብር ገማቾቹ የመጡት እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው። ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ ወጣቱ፣ ቤቱን አየ፣ ሰዉን አየ፣ በር ላይ የቆሙትን አየና "ገበያው ደርቶልሻል እህት!" አለኝ። ምን ልበል? "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ፈገግም አልኩ። እናትህ እዚያው ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር።

ግምቱ ከወራት በኋላ ሲመጣ ካምናው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኘሁት። የሚገምቱት ቤቱ ቢከራይ ምን ያህል ያወጣል በሚል ነው፤ "ዋና መንገድ ዳር፣ ሰፊ መስኮት ያለው፣ ገበያው የደራ" ብለውታል። በዚያ መስኮት ስንጨቃጨቅ ትዝ ይልሃል? ጭቃውን ስናቦካ አንተ "ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ አይቶሽ ይግባ" ብለህ ግድግዳውን ግማሽ በግማሽ መስኮት ልታደርገው ተነሳህ፤ እኔ ሌባ ይገባብናል ብዬ አኮረፍኩ። ሌባስ አልገባም፤ ግምት ገባበት። በተቀጠረው ቀን ካልከፈልኩ ቤቱ ይታሸጋል። እኔና ሰብለ የምንበላውም የምንተኛውም ደግሞ ከዚሁ ቤት ነው።

ጋሽ ከድር፣ አጠገባችን ያሉት ባለ ሱቅ፣ ፊቴን አይተው ነገሩን አወጣጡኝ። እሳቸውም የሱቃቸውን ግምት ተከራክረው አስቀንሰዋል። "አቤት በይ እንጂ!" አሉኝ። "መጀመሪያ ለገመተሽ ክፍል ራሱ 'በድጋሚ ይታይልኝ' ብለሽ ታመለክቻለሽ። እምቢ ካሉሽ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። ከግብሩ ከፊሉን ከፍለሽ ደረሰኙን ታያይዣለሽ። ቀኑ ብቻ እንዳያልፍብሽ፤ ካለፈ በኋላ ብትጮሂ ሰሚ የለሽም።" እኔ ድሃ ነኝ፣ ልጅ አሳዳጊ ነኝ ብዬ ላጽፍ ነበር፤ ተቆጡኝ። "ድህነትሽን ማን ጠየቀሽ? ስለ ቤቱ ተናገሪ። ግድግዳው ጭቃ ነው በይ። ጣሪያው ያፈሳል በይ። ስፋቱ ትክክል ካልሆነ እንደገና ይለካልኝ በይ። የኔንም ግምት አያይዢው፤ ግድግዳችን አንድ፣ መንገዳችን አንድ፣ ያንቺ ከኔ እጥፍ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?" የራሳቸውን ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በዚህ ዘመን ሰው የራሱን ስም ከሰው ጉዳይ ጋር ሲያያይዝ አይቼ አላውቅም።

"ሰዉስ?" አልኳቸው። ወደ በሩ አዩ። እሳቸውም ሻይ ለጨጓራቸው እንደማይስማማ እያወቁ በየቀኑ "አንድ ሻይ" ይሉ ከነበሩት አንዱ ናቸው። ገበያ የለኝም ካልኩ፣ ያ ሁሉ ሰው ታዲያ ማን ነበር ይሉኛል። ማን እንደነበር ከታወቀ ደግሞ የምጠየቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አግዳሚያችን ላይ የተቀመጠ ሁሉ ነው። ካልተከራከርኩ ቤቱ ይሄዳል፣ ከተከራከርኩ ለቅሶህ ይፋ ይወጣል። ሁለቱን ይዤ ስንት ሌሊት ተገላበጥኩ።

ቀኑ ሊያልፍ ሲል አመለከትኩ። ስለ ጭቃው፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ጋሽ ከድር ግምት ብቻ አጻፍኩ፤ ስለ ሰው አንድ ቃል የለበትም። ክፍሉ "ግምቱ ጸንቷል" አለኝ። ለጉባኤው ይግባኝ አልኩ፤ ከቀበሌው በላይ ወዳለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጠሩኝ። ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መነጽር ያደረገው ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ "ጓዶቻችን ሲመጡ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር ይላል። እነዚያ ሰዎች የት ገቡ?" አለኝ።

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ስላንተ ሻይ የጠጡትን ሁሉ በፊቴ አየኋቸው፤ እናትህን አየሁ። "ያኔ ስኳር ነበረ፣ ጓድ" አልኩት። "ስኳር ሲኖር ሰው ይመጣል፤ ሲጠፋ ደንበኛም ይጠፋል።" ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ረጅም ጊዜ አየኝ። ኋላ፣ "በዚህ ሳምንት ሳናሳውቅሽ መጥተን እናያለን" ብሎ አሰናበተኝ።

ያ ሳምንት ያንተ ሙት ዓመት የሚውልበት ሳምንት ነበር። ማንም ባይናገርም ሰው እንደሚመጣ አውቄያለሁ፤ የጋራዡ ባልደረባህ መንገድ ላይ አግኝቶኝ "ማክሰኞ ክፍት ነሽ አይደል?" ብሎኛል። ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ቢያገኙት ግብሩ ይጸናል፤ ያውም ጣጣው በግብሩ ብቻ ካበቃ። ስለዚህ አትምጡ ማለት ነበረብኝ። ለጋራዡ ሰዎችና ለእድሩ ጋሽ ከድር ሊነግሩልኝ ወጡ። ለእናትህ ግን ራሴ መሄድ ነበረብኝ።

ጋራውን ወጣሁ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በባሕር ዛፉ መሃል ይወርዳሉ፤ እኔ ባዶ እጄን ወደ ላይ እወጣለሁ፣ የከበደው ግን እኔን ነው። እናትህ ደጃፋቸው ላይ የደረቀ ቅጠል ይሰበስቡ ነበር። "እማማ፣ ማክሰኞ አይምጡ" አልኳቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። ቅጠሉን መሰብሰባቸውን አላቆሙም። "አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ?" አሉኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን አብሬያቸው ሰበሰብኩ። "እሺ ልጄ" አሉ በመጨረሻ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ማክሰኞ ማንም አልመጣም። አግዳሚዎቹ ባዶ፣ ብርጭቆዎቹ ተደፍተው። አላፊ አግዳሚ ቢያይ ሰው የማያውቅህ ትመስላለህ፤ ሰው የወደደህን ያህል ቤቱ ባዶ ነበር። እኩለ ቀን ሳይደርስ ባለ መነጽሩና ያ ወጣቱ ገማች መጡ። ርዝመቱን ለኩ፣ ወርዱን ለኩ። ወጣቱ ጭቃውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ ቀዳዳዎቹን ጠቆመ። ልቤ ትንሽ ረጋ ሲል በሩ ጨለመ። እናትህ ናቸው።

ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና "አንድ ሻይ" አሉ። ስቀዳ ግማሹ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። ባለ መነጽሩ ዞር ብሎ፣ "እማማ፣ የዚህ ቤት ደንበኛ ነዎት?" አላቸው።

"ነኝ።"

"ሰው ይበዛል እዚህ?"

እናትህ አንዴ ፉት አሉለት። "ማን ይመጣል ብለህ ነው ልጄ? ሻይዋ ውኃ ነው" አሉ። ወጣቱ ሳቀ። ባለ መነጽሩ ግን አልሳቀም። "ታዲያ እርስዎ ለምን ይመጣሉ?" አላቸው። ዓይኔን ጨፈንኩ ተክልዬ፤ አለቀልን አልኩ።

"ቤቴ ሰው የለማ" አሉት። "ዛሬ ደግሞ ብቻዬን መዋሉን አልቻልኩበትም።"

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ጻፈ፤ ምን እንደ ጻፈ አላየሁም፣ ምን እንደ ገባውም አላውቅም። "ውሳኔውን እንልክልሻለን" ብሎኝ ሁለቱም ወጡ። ኮቴያቸው ከመንገዱ እስኪጠፋ አዳመጥን። ከዚያ እናትህ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም አጠገባቸው ልቀመጥ ስል አየሁት፤ የሚለኩበትን ሜትር አግዳሚው ላይ ረስተውታል።

በጣቴ አሳየኋቸው። እናትህ ነጠላቸውን መለሱ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ብርጭቋቸውን እንደገና አነሱ። ሊወስዱት ይመለሳሉ ብለን ጠበቅን። ሻዩ ቀዘቀዘ። እስኪመሽ ተቀመጥን፤ አልተመለሱም። እናትህ ዓይናቸው እንደ ደረቀ ጋራውን ወጡ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ውሳኔውም አልመጣ፣ ሰውየውም አልመጣ። ሜትሩ የተዉት ቦታ ላይ ነው። አንስቼ ልውሰድላቸው ብል "እነዚያ ሰዎች የት ገቡ?" ብለው ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ላስቀምጠው ብል ሰረቀች ይሉኛል። ሰብለን እንዳትነካው ብያታለሁ። በመስኮቱ ሰው ባለፈ ቁጥር ፊቴን አስተካክላለሁ።

አልረሳሁህም ተክልዬ። አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። ሰውየው ይምጣ፣ ሜትሩን ይውሰድ፣ ቤቱንም ከፈለገ ይውሰደው። ያን ቀን እናትህን ከጋራው አወርዳቸዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ደፍሮ ያልጠራውን ስምህን ጮክ ብለን ጠርተን እናለቅስሃለን።

ሚስትህ አስቴር