ክር ያልታሰረላት ዱባ

ጥቅምት 9

ዛሬም ሁለት ዱባ ጨነገፈ። ትናንት ሎሚ ሎሚ ያክሉ ነበር፤ ጠዋት ቢጫ ሆነው መሬት ላይ አገኘኋቸው። ውሃ አልጎደለ፣ ፍግ አልጎደለ... ምን ሆኑ?

አርባ ዓመት አዋላጅ ነበርኩ። ጭንገፋ አይቼ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። መነጽሬን አድርጌ አበቦቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት። አንድ ዝንብ መጣ፤ እሱም ተሳስቶ ነው መሰለኝ ወዲያው ሄደ። ንብ የለም። አንድም! ልብስ ሳሰጣ በፎጣ የማባርራቸው ንቦች የት ገቡ? ከመቼ ጀምሮ ነው ያላየኋቸው?

ወንዱ አበባ እዚያ፣ ሴቷ እዚህ። አገናኝ የለም። በቃ፣ ምርመራው አለቀ።

ጥቅምት 10

ታናሽ ወንድሜ ሜትር ይዞ መጣ። ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ለካው።

"እትዬ፣ ይሄ ቦታ እኮ ሚኒባሴን ልክክ አድርጎ ይይዛል።"

መንገድ ዳር እያደረች ስፖኪዮዋን ሁለቴ ሰርቀውበታል። ያሳዝነኛል፣ የሚበላው በሷ ነው። ግን ከአባታችን ግቢ የቀረችው አረንጓዴ ጥግ ይህቺ ብቻ ናት... ሲሚንቶ ሊያፈስባት!

"ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ስታጠጪ ከረምሽ። አንድ ዱባ በልተናል?"

አልበላንም። ምን ልበል?

"እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ጠብቀኝ። ካላፈራ ጋራዥ አድርገው" ብዬው አረፍኩ። ወይ አፌ!

ጥቅምት 13

እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥሜ ከወንዱ አበባ ዱቄቱን ወሰድኩ፣ ሴቷ ላይ ቀባሁ። ስንቱን ሳዋልድ ኖሬ በስተርጅና ደግሞ አጋቢ ሆንኩ። አራት አጋባሁ። የትኞቹን እንደቀባሁ እንዳይጠፋኝ አንገታቸው ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ክሩን የለመንኩት ጎረቤቴን፣ ልብስ ሰፊውን ነው።

"ለምን ፈለጉት፣ ሲስተር?"

"ለሙሽሮች።"

ሦስቱንም ልጆቹን ያዋለድኩለት ሰው፣ ጤነኛ ናት ወይ በሚል ዓይን አየኝ።

ጥቅምት 21

ያዙ! አራቱም! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት። አጎነበሰና ክሩን አየ። "ይሄስ?" አለ። መዋሸት አልችልበት፣ ነገርኩት። ሳቁን ለቀቀው።

"እትዬ ሙች፣ ይሄማ አይቆጠርም! በዚህ ጉልበትሽ ዕድሜ ልክሽን ጎንበስ እያልሽ ስትቀቢ ልትኖሪ ነው? ያለ አንቺ እጅ ያፈራች አንዲት ዱባ አሳዪኝ፣ ሜትሬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።"

ተናደድኩ። ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

ጥቅምት 22

ንቦቹን ማን እንደጨረሳቸው ደረስኩበት። ልብስ ሰፊው! ጽጌረዳው ላይ ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ሲረጭ አየሁት። በአጥሩ ላይ ጮህኩበት።

"ነፍሰ ገዳይ!"

መርጫውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። "እኔ እኮ ሲስተር... ለተባይ ነው የምረጨው።"

"መድኃኒቱ ንቡን ከተባዩ የሚለየው መታወቂያ እየጠየቀ ነው?"

ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ጥቅምት 26

መንገድ ዳር ያለችው ችግኝ ሻጭ ጋ ሄድኩ። ንብ ይሸጥ እንደሆነ ልጠይቅ። "እማማ" አለችኝ። እማማ! ጥያት ልሄድ ነበር፤ ያስቆመኝ ወሬዋ ነው።

"ንብ ሁሉ እኮ ቀፎ ውስጥ አይኖርም። ለብቻዋ የምትኖር አለች። የጭቃ ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ፣ የደረቀ እንጨት ውስጥ ነው የምትፈለፍለው። ግቢዎ የቆየ የጭቃ ግድግዳ የለም?"

"ነበረ..." አልኩ።

ቤት እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ ጓሮው ግድግዳ ሄድኩ።

ጥቅምት 27

እኔ ነኝ። ይጻፍ። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ ነው። የጓሮው ግድግዳ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ነበር። ጀርም ይራባበታል አልኩና ሲሚንቶ በጠበጥኩ። ጓንት አጥልቄ ቀዳዳውን አንድ በአንድ በጣቴ ደፈንኩ። የሚያብበውን አረም ነቀልኩ፣ የደረቀውን እንጨት አቃጠልኩ፣ ጥጋጥጉን በበረኪና አጠብኩ። ግቢዬ እንደ ማዋለጃ ክፍል ጸዳ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጎበኝ ነበር!

ዛሬ አንዱን ቀዳዳ በመሮ ከፈትኩት። ውስጡ ጠባብ ክፍል አለ፣ በጭቃ የተሠራ። እዚያ ውስጥ ክንፍ ያወጣች አንዲት ንብ ደርቃለች። ፊቷ ወደ ሲሚንቶው ነው። ልትወጣ ስትል...

ይሄ እጅ ስንት ሕፃን በሰላም አስወጥቷል። አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና ሁለተኛውን ቀዳዳ ጀመርኩ።

ኅዳር 2

ወገቤ አለቀ። ግድግዳው ግን ግማሹ ተከፍቷል።

ልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። "ዋናዋ ነፍሰ ገዳይ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። አንተ ግብረ አበር ነህ" አልኩት። ሳቀ። ጽጌረዳውን ከእንግዲህ በውሃ እያጠበ ተባዩን በእጁ ሊለቅም ቃል ገባ። ከሰዓት በኋላ መዶሻ ይዞ መጣ፤ ከላይ ያሉትን፣ እኔ የማልደርስባቸውን ከፈተልኝ። አረሙንም መንቀል ትቻለሁ። ያብብ።

ጥጡንም ሰቅያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እጄን አላስገባም።

ኅዳር 24

ሦስት ጨነገፉ።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ የምታምር ሴት አበባ ፈነዳች። ጥጡን አውርጄ አጠገቧ ቆምኩ። ክር ሳላስር ብቀባት ማን ያውቃል? ግቢው የአባቴ፣ ዱባው የእኔ፣ ወንድሜ ሥራ ላይ...

እኔ አውቃለሁ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው! በጥጡ ጆሮዬን ጠርጌበት ጣልኩት።

ታኅሣሥ 11

መጣች! ጥቁር፣ ድብልብል ያለች፣ ድምጿ የሞተር ብስክሌት። ወንዱ አበባ ውስጥ ገብታ ዱቄት ለብሳ ወጣች፣ ሴቷን ጎበኘች፣ ከዚያ በዕቃ ቤቱ ጣሪያ በላይ ተሰወረች። "ነገም አደራ!" ብዬ ስጮህ ልብስ ሰፊው እሱን የጠራሁት መስሎት አቤት አለ።

ታኅሣሥ 15

ያቺ የጎበኘቻት ጨነገፈች። አንዴ መጥቶ መሄድ አይበቃም ማለት ነው። ጊዜ ቢኖረኝ እኮ... ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ በአዲስ ጭቃ ተደፍኗል፤ ንቦቹ ከውስጥ ናቸው። እየተመለሱ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን ወሩ እያለቀ ነው።

ታኅሣሥ 30

ወንድሜ ሜትርና መሰላል ይዞ መጣ። ክር ያላቸውን አራቱን ቆጠረ። ሌላ የለም። ፊቴን ማየት አቃተው።

"እትዬ፣ ከፈለግሽ..."

"ቃል ቃል ነው። ለካ።"

የጋራዡ ክዳን የሚያርፍበትን ሊለካ ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። የዱባው ሐረግ እዚያ ድረስ ተስቧል። እኔ ከታች ሆኜ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየኝ።

"እትዬ!"

"ምን ሆንክ? ልትወድቅ ነው?"

"አንቺ እዚህ መቼ ወጣሽ?"

"በየትኛው ጉልበቴ!"

ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ።

"ዱባ አለ። ጭንቅላቴን ታክላለች። አገላብጬ አየኋት፣ ክር የላትም።"

በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። "ደግመህ እይ" አልኩት። ደግሞ አየ።

"የላትም አልኩሽ! ኧረ ሌላም አለች፣ ከሥሯ... አንዲት ጥቁር ነገር አበባ ውስጥ ገብታለች፣ ትነድፈኝ ይሆን?"

"ሥራ ላይ ናት፣ ተዋት! ውረድ!"

ወረደ። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ስቆ ግንባሬን ሳመኝ። ስፖኪዮውን ማታ ማታ እየፈታ እኔ ጋ እንዲያሳድረው ተስማማን።

የተረፈውን ቀይ ክር ለልብስ ሰፊው መለስኩለት።

"ሙሽሮቹስ፣ ሲስተር?"

"እኔን ሳይጠሩኝ ተጋብተዋል።"