አቤት የማይባልበት ቤት

ይድረስ ለእታለም ፈውዚያ፣ ሪያድ።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ሙቀቱስ እንደምን ይዞሻል? ደግሜ፣ እንደምን አለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ብርዱ ብቻ አፍንጫችንን ሊቆርጠው ምንም አልቀረው። ማዳምሽ ስልኩን ለዓርብ ብቻ ስለምትፈቅድልሽና ይህ ወሬ በአንድ ዓርብ ስለማያልቅ፣ ወደዚያ በምትመጣው በጎረቤታችን በሰብሌ እጅ ይህን ደብዳቤ ልኬልሻለሁ።

ወሬው የአያታችን የአባባ ጠልሐ ነው። የከተማችን አዲሱ አዳራሽ በፊታውራሪ ዓባይነህ ስም ተሰየመ። ያው የድሮው የፓርላማ ሰው፣ ቅድመ አያታችንን በገንዘቡ ገዝቶ በጅራፉ የገዛቸው። አንቱ ስላላልኩት አትቆጪኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። አዲስ አበባ ስለ ሕግ ሲናገር ይጨበጨብለት ነበር አሉ። ባርነትን የከለከለው ሕግ ግን በ1934 ወጥቶ የእሱ ግቢ ሳይደርስ አራት ዓመት አለፈው። ኤሊ እንኳ ይቀድም ነበር! ቅድመ አያታችን የሰሙት አጅባር ገበያ የፊታውራሪውን በቅሎ ይዘው ሲጠብቁ፣ ከአንድ ጨው ነጋዴ ነው። በቅሎዋን ከግንድ አሰሩና በዚያው ቀሩ።

በልጅነታቸው ተሰርቀው ሲመጡ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም ረስተውት ነበር። ፊታውራሪው «ትእዛዙ» አላቸው። «ትእዛዙ!» ሲል «አቤት!» ነው። ነፃ ሲወጡ ሰልመው አሕመድኑር ተባሉ፤ እስኪሞቱም ለማንም አቤት አላሉም። ሲጠሯቸው መልሳቸው «ምን ፈለግህ?» ነበር። እኛም ወረስነው፤ በዚሁ ጦስ ስንቱ አስተማሪ ጆሮአችንን እንደቆነጠጠን አንቺው ታውቂያለሽ።

ታዲያ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኪዳነማርያም፣ ንግግራቸው ከክረምት የሚረዝመው፣ ቤት ድረስ መጥተው ዕቅዱን ነገሩን። በምረቃው ቀን «የታማኙ አሽከር የትእዛዙ ልጅ» ተብሎ ሲጠራ አባባ አቤት ብለው ይነሳሉ፣ ጋቢ ይደረብላቸዋል፤ በር ላይ ያለው ሰሌዳም እንደዚያው ይላል። እኔ ተንጨረጨርኩ። አባባ ግን «ዝም በይ አንቺ ምላሳም! አሽከር ይበሉን። ያኛው ቃል ከወጣ ማን ያገባሻል?» አሉኝ። «ታዲያ ጋቢውን ላግባ?» ብዬ ሮጥኩ።

አቤት ማለትን እንዳለማምዳቸው የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ሦስት ቀን አለማመድኳቸው፤ ከልቤ ነበር ብዬ ግን አልምልልሽም።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። አቶ ኪዳነማርያም በድምፅ ማጉያው «የታማኙ አሽከር የትእዛዙ ልጅ!» ሲሉ አባባ ብድግ አሉና በሰባ ዓመት ልማዳቸው «ምን ፈለግህ?» አሉ። ሰዉ በሳቅ አለቀ። አቶ ኪዳነማርያም «ኧረ ጋሽ ጠልሐ፣ አቤት ይበሉ እንጂ» ቢሏቸው የአባባ ፊት ተለወጠ።

«አባቴ የተዉትን ቃል እኔ አላነሳውም። አሽከር ደሞዝ አለው፤ ሲከፋው ጥሎ ይሄዳል። አባቴ ባሪያ ነበሩ። ስማቸውም አሕመድኑር ነው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ተዉት» አሉና ጋቢውን ሳይነኩ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሽማግሌዎች ሰላምታ ነፍገውናል፤ ጆሮዬ አረፈ። ሰሌዳው ላይ ትእዛዙ የሚለው በነጭ ቀለም ተሸፍኗል፣ ኮሚቴው እየመከረበት ነው። በባዶው ቦታ «አሕመድኑር» ብሎ በከሰል የጻፈው ሰው አልተገኘም። የእጅ ጽሑፉ ግን ሲያምር!

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ማዳምሽ የቀድሞዋ ሠራተኛ ስም ስለለመደባት ሱዓድ እንደምትልሽ፣ አንቺም እሺ እንደምትዪ ነግረሽናል። አባባ ይህን የሰሙ ቀን ምሳቸውን አልበሉም። ስሜ ፈውዚያ ነው በያት። ካልሰማች «ምን ፈለግሽ?» በዓረብኛ እንዴት እንደሚባል ከእኔ አንቺ ታውቂያለሽ።

እማ ዓይንሽን ትስማለች፤ ከደብዳቤው ጋር የመጣልሽ በርበሬም ከእሷ ነው። አባባ በዱዓ ያስቡሻል፣ ጋቢው በልባቸው እንደቀረ ግን እንዳትነግሪብኝ። ትንሹ ወንድማችን ሺፋ የፊት ጥርሱ ወልቆ ስምሽን ሲጠራ ያፏጫል፤ ቢሆንም አልቀየረውም።

እህትሽ አሚራ
መካነ ሰላም፣ የካቲት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.