ታንጉ ያለችበት ካርድ

መስከረም 12 ቀን 2000

ዛሬም ያው ነው። ቤቱን ጠረግሁ፣ አራቱን ቴሌቪዥን አበስሁ፣ ጄኔሬተሩን ጋሽ ቢሻው ራሳቸው አስነሱት። ፕሌይስቴሽን ቤቱ የሳቸው ነው። አጎቴ ናቸው እንጂ ሥራ ላይ ዘመድ አያውቁም። "አንተ ስትስበው ገመዱን ትበጥሰዋለህ" ይሉኛል። እስከ ስምንት ሰዓት ኳስ ብቻ። የከባድ መኪና ረዳቶች የጉምሩክ ተራቸው እስኪደርስ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ። የመተማ ሙቀት ደግሞ አያድርስ ነው።

ጓደኛዬ ናሁሰናይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። እሱ ሲመጣ ጥግ ያለችውን ትንሿን ቴሌቪዥን እለቅለታለሁ። የኛ ጌም ኳስ አይደለም። "ደወሉ" እንለዋለን፤ እውነተኛ ስሙን ማን ያውቃል? የዲስኩ ጽሑፍ ጃፓንኛ፣ ውስጡም ጃፓንኛ። አራት ሰዎች ተራራ ላይ ያለ ዝም ያለ ደወል ሊያስጮኹ ይሄዳሉ። መንደር ለመንደር ይዞራሉ፣ ያወራሉ፣ ያወራሉ... አንድ ቃል አይገባንም። በሙከራ የደረስንበትን በደብተር ሥለነዋል። እንደ መሰላል ያለችው ፊደል ቁስል ማዳኛ። ሁለት እግር ያላት መሸሻ። ስምንት ወር ሙሉ! ደብተሩ ሊያልቅ ነው።

ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የምናነበው አንድ ቃል ብቻ አለ። ለአራቱም ሰዎች ስም ማውጣት ይቻላል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እስከ አምስት ፊደል ብቻ፤ እኛ ያወጣነው ግን ለሐኪሟ ልጅ ብቻ ነው። ናሁሰናይ "ታንጉ" አላት። እህቱ ነበረች። ወባ ከወሰዳት ሁለት ዓመት ሆናት። ስሟ ልክ አምስት ፊደል ነው።

ዛሬ ሦስቴ ልትሞትብን ነበር። "ታንጉን ሸፍናት! ሸፍናት!" ስል የኳሶቹ ልጆች ሳቁብን። ይሳቁ።

መስከረም 15

ድልድዩን በእግር ተሻግረን ሱዳን፣ ጋላባት ዋልን። ዓም ሙሐመድጣሂር ሱቅ። ዓም እንላቸዋለን፣ አጎት እንደማለት ነው። ሬዲዮ፣ ባትሪ፣ ዲስክ ይሸጣሉ። ደወሉንም፣ የደረስንበትን የሚያስቀምጥልንን ሜሞሪ ካርድም የገዛነው ከሳቸው ነው። ካርቶን ላይ ተቀምጠን ቴሌቪዥናቸውን ብናይ አይሰለቹም፣ እንዲያውም ሻይ ያስመጡልናል። ዛሬም በዓረብኛ "ያ ዞል፣ ኑ ቶሎ፣ ጀምሯል!" አሉን፤ ያ ዞል "አንተ ሰው" ማለት ነው።

ምን ጀመረ? ደወሉ! የኛ ጌም ካርቱን ሆኖ፣ በዓረብኛ ተተርጉሞ፣ በዲሽ ይመጣል። መጀመሪያ ያየን ቀን ናሁሰናይ እጄን ሊሰብረው ነበር። እኔ ገዳሪፍ ተወልጄ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ እዚያ ስላደግሁ ዓረብኛው ውሃ ነው። እሱ ምንም አይሰማም። በጆሮው እየተረጎምሁለት ስምንት ወር ያደረግነው ነገር ትርጉሙ አሁን እየገባን ነው። ያ ጌሙ ውስጥ የገደልነው ሽማግሌ ለካ ንጹሕ ሰው ነበር... ከአራቱ አንዱ፣ አንድ ዓይና ሰይፈኛው ደግሞ ጓደኞቹን አሳልፎ ይሰጣል።

"ይሄ ከዳተኛ!" አለ ናሁሰናይ። "በኋላ ይመለሳል ይሆን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"እኔ ብሆን አላስጠጋውም።"

መስከረም 21

ናሁሰናይ ሰሊጥ አጨዳ ኮኪት ሄደ። የጎጃምና የወሎ ሠራተኞች ገና ሞልተው ስላልገቡ ባለ እርሻዎቹ ሰው በሻማ ነው የሚፈልጉት። ሰሊጥ አይጠብቅም። ሳምንት ካለፈው አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል።

"ጌም ጥሩነቱ ይጠብቃል" አለኝ። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "እኔ እስክመጣ ንክች እንዳታደርጋት።"

"ምን ልሆን ነው የምነካት?"

"ማልልኝ።"

"ኧረ ምን ሆነሃል አንተየ?"

"ማልልኝ አልሁህ ደሴ።"

ቅዱስ ዮሐንስን ብዬ ማልሁ። እየሳቅሁ ነው የማልሁት።

ጥቅምት 2

የካርቱኑ መጨረሻ ዛሬ ነበር። ብቻዬን ሄጄ አየሁት። ደወሉ ምላስ የለውም፤ ለዚያ ነው ዝም ያለው። ሐኪሟ ልጅ ራሷ ትገባበትና ምላስ ትሆነዋለች። ዓረብኛ ተርጓሚዎቹ ለልጆች ብለው "ሞተች" አይሉም፣ "ሩቅ አገር ሄደች" ይላሉ። ግን ማንም ያውቃል። ሰይፈኛውም ይመለሳል፣ የደወሉን በር የሚከፍትላት እሱ ነው።

አለቀስሁ። ዓም ሙሐመድጣሂር እንዳላየ ሆነው ሬዲዮ ይፈታሉ።

ጌሙስ እንዲህ ነው የሚያልቀው? እኛ እኮ ተራራው ሥር ነን...

ጥቅምት 5

አልነካም።

ጥቅምት 8

አደረግሁት።

ሰው አልነበረም። ጋሽ ቢሻው ናፍጣ ሊገዙ ወጡ። የደወሉን ደጃፍ ብቻ አይቼ፣ ሴቭ ሳላደርግ አጠፋዋለሁ አልሁ። ማን ያውቃል? ደጃፉን የሚጠብቀው ትልቁ ጋኔን ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ታንጉ ናት እየደጋገመች ያዳነችኝ። እኔን!

ከዚያ ሙዚቃው ቀስ አለ። ሁለት መስመር ጽሑፍ መጣ፣ ምረጥ ማለቱ ነው። ደብተሩ ላይ የለም። አላወቅሁም ልል ነበር... ለራሴ ደብተር ዋሽቼ ምን ይሠራልኛል? አውቄዋለሁ። አንዱ ማስቀረት ነው፣ አንዱ መላክ ነው። የላይኛውን ስጫን ወደ ኋላ መለሰኝ። የታችኛውን ተጫንሁ።

ሄደች። ደወሉ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ስሟ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ።

ጌሙ ሴቭ ላድርግ ወይ ብሎ ጠየቀ። በዚያው ቅጽበት ጄኔሬተሩ መሳል ጀመረ፣ ናፍጣው አልቆ። ሁለት ሰዓት የደከምሁበት ውሃ ሊበላው ነው። አዎ አልሁ። ካርዱ ላይ የኛ ቦታ አንድ ብቻ ናት፣ ሌላው የኳስ ነው። አዲሱ አሮጌው ላይ ተጻፈ።

መብራቱ ጠፋ። ከደወሉ በኋላ ያለውን መጨረሻ እንኳ አላየሁም።

ጥቅምት 9

ቤቱን ስከፍት መጀመሪያ ካርዱን ነው ያየሁት። ሦስት ሰው። አራተኛዋ የለችም። ምናልባት ሕልም ይሆናል ብዬ ነበር መሰል።

ናሁሰናይ መጥቶ ይሄን ሲያይ... አይ። ይሄን ከሚያይ ምንም ባያይ ይሻላል። የደወሉን ሙሉውን ሰረዝሁት። ማሽኑ ሁለቴ ጠየቀኝ፣ ሁለቴም አዎ አልሁ። የመጀመሪያው ጉጉት ነው እንበል። ይሄኛው ግን ምንድን ነው? ስም የለውም።

ጥቅምት 17

ምግብ አይበላልኝም። ጋሽ ቢሻው "ወባ ነው፣ ተመርመር" አሉ። ምናለ ወባ ቢሆን።

ጥቅምት 28

መጣ። እጁ በሰሊጥ ሙጫ ጠቁሯል፣ ፊቱ ከስሏል። ቤቱ እንኳ ሳይደርስ ነው የመጣው። ለኔ ከኮኪት ሐብሐብ ተሸክሞ! ካርዱን ከተተ። የኳሶቹ አሉ፣ ደወሉ የለም። አወጣው፣ በልብሱ ጠረገው፣ መለሰው። አምስት ጊዜ። ቆሜ አየሁት።

"ደሴ... ታንጉ የታለች?"

አፌ ራሱ ተናገረ። "ካርዱ ነው። ቻይና ሠራሽ፣ አንዳንዱን ይጥላል አሉ። የሸጡልን ብልሽቱን ነው።"

አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 29

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው?

"ተነሥ፣ ጋላባት እንሂድ። ትተረጉምልኛለህ" አለኝ። ራሴን አመመኝ አልሁት፣ አልሰማኝም። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ናሁሰናይ ካርዱን ባንኮኒው ላይ ወረወረው። "ብልሽት ሸጦልኛል በለው!"

አልሁ። በዓረብኛ፣ ቀስ ብዬ። የራሴን ውሸት በሁለት ቋንቋ።

ዓም ሙሐመድጣሂር መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ካርዱን ማሽናቸው ላይ ሰኩት፣ ፈተሹት። ከዚያ እኔን እያዩ በዓረብኛ እንዲህ አሉ። "የተበላሸ ካርድ ሁሉንም ይጥላል እንጂ መርጦ አይጥልም። ይሄን የሰረዘው የሰው እጅ ነው። እንዲህ ብለህ ንገረው።"

"ምን አለ?" አለ ናሁሰናይ።

"ከገዛችሁት ቆይቷል፣ አያገባኝም ነው የሚሉት።"

ይሄን አልሁ። እኔ። በሻያቸው ያደግሁ።

ናሁሰናይ "ሌባ!" ብሎ ጮኸ። በአማርኛ፣ ገበያው ሁሉ በሚሰማው አማርኛ። ሰው ዞረ። ሽማግሌው ከመደርደሪያው አዲስ ካርድ አንሥተው በእጁ አስያዙት። የሱ ሳይሆን የኔ ዓይን ላይ ነበር ዓይናቸው።

ኅዳር 3

ናሁሰናይ ያገኘውን ሁሉ ከሳቸው አትግዙ ይላል። የኳሶቹ ልጆችም ተቀብለው ያወራሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጆይስቲክ እጠግናለሁ።

ኅዳር 6

እትዬ ፋናዬ መጡ፣ የናሁሰናይ እናት። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ገብተው የልጃቸውን ስም እስክሪኑ ላይ በጣቴ አሳይቻቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ታንጉ የት ደረሰች?" ይሉኛል፣ እየሳቁ።

"ጠፋች አሉ" አሉኝ ዛሬ።

"አዎ እትየ።"

"ይሁን ልጀ፣ አትዘኑ። እቃ ነው። እውነተኛዋም ሄዳለች።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እሱ ነው እንጂ የሚያሳዝነኝ። ያን ጊዜም አጨዳ ላይ ነበር። በዚህ ሙቀት እሱ እስኪመጣ አናቆያት ነገር... ሲደርስ አፈሩ ደርቋል። እኔ እስክመጣ ምነው ብትጠብቁኝ እያለ ነው የሚኖር።"

ለዚህ ነበር ያስማለኝ። እኔ እስክመጣ። ጓደኛዬ ሆኖ ይሄን አለማወቄ...

ኅዳር 8

እንዳልተፈጠረ አደርገዋለሁ አልሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ በደብተሩ እየተመራሁ፣ ተራራው ሥር አድርሼ፣ ተገኘች ልለው። ጧት ተነሥቼ ጀመርሁ። ስም ማውጫው ላይ ደረስሁ። የመጀመሪያዋን ፊደል መረጥሁ። ሁለተኛዋን... እጄ እንቢ አለኝ። አጠፋሁት።

ኅዳር 10

ጋላባት ሄድሁ። ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። "ዓም፣ እኔ ነኝ የሰረዝሁት" አልሁ በዓረብኛ። እሳቸው በአማርኛ መለሱልኝ። ከኛ ጋር ሁሌም በዓረብኛ ብቻ ነበር የሚያወሩ።

"አሥራ ሰባት ዓመት በአማርኛ ነው የምነግድ። ያን ቀን ያልኸውን አልሰማሁም መሰለህ?"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"እኔ ብናገር ያ ልጅ ጓደኛ ያጣል። አንተ ብትናገር ምናልባት አያጣም። አንተን ነበር የምጠብቅ።" ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። "ግን ሌባ ተብያለሁ፣ ያ ዞል። በሽምግልናየ። እሱን አትርሳ።"

አልረሳም።

ኅዳር 11

ነገርሁት። ከቤታቸው ጀርባ፣ የሰሊጡን ጆንያ ሲሰፋ። የካርቱኑን መጨረሻ፣ ጉጉቱን፣ ምርጫውን፣ መሰረዙን፣ ያን ቀን የተረጎምሁትን ሁሉ። ይመታኛል ብዬ ነበር። መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካ። 

ከዚያ "እንዴት ሄደች?" አለኝ።

"ምን?"

"አንተ ብቻ ነህ ያየሃት። ካርቱኑን አልጠየቅሁህም። የኛዋን ንገረኝ። ብቻዋን ነበረች?"

"አልነበረችም። ሁሉም ቆመው ነበር። እኔም ነበርሁ።"

"ዘወር ብላ አየች?"

"አንዴ አየች።"

"ተጎድታ ነበር?"

"አልተጎዳችም። ደሟ ሙሉ ነበር። ከመግባቷ በፊት ሁሉንም አዳነች፣ ከዚያ ገባች። ደወሉ አንድ ጊዜ ጮኸ።"

"ምን ዓይነት ድምፅ ነው?"

ልነግረው ሞከርሁ። አልቻልሁም፣ አለቀስሁ። እሱም አለቀሰ። ከዚያ "አሁን ሂድ" አለኝ። "እስክጠራህ እንዳትመጣ።"

ኅዳር 19

አልጠራኝም። ጋላባት ብቻውን ተሻግሮ ዓም ሙሐመድጣሂርን ይቅርታ ጠየቀ አሉ፣ ገበያው በሞላበት ቀን፣ ሰው ሁሉ ፊት። ይቅርታው የኔ ነበር። የሱ ጥፋት እኔን ማመኑ ነው።

ኅዳር 20

ዛሬ እኔም ሄጄ፣ ሰው ፊት፣ በአማርኛም በዓረብኛም ተናገርሁ። ውሸታም ነኝ አልሁ። አንዳንዱ ሳቀ። ሽማግሌው ሻይ አላስመጡልኝም።

ታኅሣሥ 2

ልደት ሳይደርስ ቤቱ በኳስ ተጫዋች ሞልቷል። ጥግ ያለችውን ቴሌቪዥን ለማንም አለቅም። ጋሽ ቢሻው "ባዶ ወንበር ገንዘብ አይወልድም" ብለው ተቆጡ። ይቆጡ።

ታኅሣሥ 16

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናሁሰናይን በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ሰላም አላለኝም። ጥጉ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ዓም ሙሐመድጣሂር የሰጡትን አዲሱን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ ሰካ። ደብተሩን አቀበልሁት። ዲስኩን ከተትሁ፣ ጎኑ ቆምሁ፣ መቀመጥ ፈራሁ።

ከመጀመሪያው ጀመረ። ሐኪሟ ልጅ ስትመጣ ስም ማውጫው ተከፈተ። እጁ ቆመ። የጃፓኖቹን ስም እንዳለ ትቶት አለፈ። ምን እንደሚል አናውቅም።

ሰይፈኛው መጣ። አንድ ዓይናው። እዚህ ላይ ግን ስሙን አጠፋና አንድ በአንድ ፊደል መልቀም ጀመረ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ገባኝ። ደሴ።

"ይሄ ከዳተኛው ነው አይደል?" አለ፣ እስክሪኑን እያየ።

"አዎ።"

"በካርቱኑ መጨረሻ ላይ ተመልሷል አልኸኝ?"

"ተመልሷል።"

"እናያለን" አለ። ከዚያ በእግሩ ወንበሩን ወደኔ ገፋው።

ተቀመጥሁ።