ለታምሩ ያልደረሰው ቃልህ

ደርዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሞላን። ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ ጥቁሬን አውልቄያለሁ፤ በግድ ያስወለቀችኝ ልጅህ ናት። ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው አጥር ወድቆ በቆርቆሮ አሠርተነዋል። ያ አንተ የማትወደው የጎረቤት አውራ ዶሮም ሞተ፣ ደስ ይበልህ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትሳቅ። ፊልም መሥራት እየተማርኩ ነው! እዚሁ አሰላ፣ የወጣቶች ማዕከሉ ለሰፈር ሰው በነፃ ያስተምራል ሲባል ሄድኩ። መዝጋቢዋ "ማንን ልመዝግብልዎ፣ እናቴ?" አለችኝ። "እኔን" ስላት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። መምህራችን ጫልቱ ልጃችንን ታህላለች። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ እያደረገች ነው የምታስተምረን። ደብተር ብሎ ነገር የለም፣ ሁሉም በእጅ ነው፤ በተራ አንዱ ይቀርጻል፣ አንዱ ድምፅ ይይዛል፣ አንዱ ይተውናል። ባለፈው እኔ ላሟን የሸጠች ሴት ሆኜ አልቅሼ፣ ድምፅ የያዘችው ልጅ አብራኝ አልቅሳ ሥራው ተበላሸ። እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ግን ደስ ባለኝ ቁጥር አንተ ትመጣብኛለህ፣ ሳቁም አፌ ላይ ይመረኛል።

ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ደብቄሃለሁ።

ልትሞት ሦስት ሳምንት ሲቀርህ፣ "ለወንድሜ ለታምሩ መልእክት ቅረጪልኝ" አልከኝ። በስንዴ ማጨጃው በኮምባይነር ተራ ነበር የተኳረፋችሁት፤ የኛን ተራ ለአማቱ ሰጥቶ፣ ስንዴያችንን ዝናብ መትቶት ማሳው ላይ እንደቆመ የበቀለ ጊዜ። ስንት አዝመራ ሳትነጋገሩ አለፈ! ያን ቀን ከአልጋህ ቀና ብለህ አንገትጌህን ስታስተካክል ስልኩን ነካሁት። "በይ ጀምሪ" ስትለኝ ደግሜ ነካሁት። ተናግረህ ጨርሰህ "አጥፊው" ስትል እንደገና ነካሁና ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ላክሁለት፣ ከፍቼ እንኳን ሳላየው።

አንተ የአጥሩ በር በተንኳኳ ቁጥር ከትራስህ ቀና ትል ነበር። "ታምሩ ነው?" "አይ፣ ወተት ነው።" በመጨረሻ መጠየቁንም ተውከው። ወንድሜ ናቀኝ እንዳልክ ሄድክ።

አልናቀህም፣ ደርዬ። አልሰማህም።

በአርባህ ቀን ታምሩ ወደ ጥግ ጠርቶኝ፣ "ያን ቪዲዮ ምን ሊለኝ ነው የላከው? ፊቱን አኮሳትሮ አንገትጌውን ያስተካክላል፣ ቃል የለው። እንደተቆጣኝ ነው የገባኝ" አለኝ። ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? "እንጃ።" ያልከውን ሁሉ እያወቅኩት እንጃ አልኩ። ማታውን ስልኩን ፈተሽኩ፤ ንግግርህ የለም። ስልኩ ነው የበላው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን ጫልቱ "ቀይዋ ነጥብ ካልበራች፣ ሰዓቱ ካልቆጠረ፣ አልቀረጻችሁም፤ ሁለቴ የነካ አጠፋው ማለት ነው" ስትል ገባኝ። ስልኩ ምን አደረገ? እጄ ነው። ዝም ስትል ቀርጬ፣ ስትናገር አጥፍቼብሃለሁ። "አጥፊው" ስትል ደግሞ መልሼ ከፍቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ ጨለማ ነው ብዬ ሳልሰማው ያለፍኩት ቪዲዮ ያ ነበር።

ስለዚህ "ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ቅረጹ" ስንባል ታምሩ ያለበት ጮሌ ከተማ ድረስ ሄድኩ። ካሜራ ሳልከፍት ሁሉንም ዘረገፍኩለት። "ስንዴው ይቅር፣ አንተ ና፣ ብሎህ ነበር" አልኩት። ቀጥሎ ኪሴ ውስጥ ሆኖ የተቀረጸውን አሰማሁት። ሥዕሉ ጨለማ ነው፣ ድምፅህ ግን አለ። "እሱ ይሄን ካየ አያድርም። በግ ካልታረደለት ደግሞ እንደገና ያኮርፋል" እያልክ ትስቃለህ። ታምሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደጋግሞ ሰማው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን "አንቺስ ተሳሳትሽ" አለ፣ "እኔስ እግር አልነበረኝም? እሱ ታሞ ተኝቶ ጠሪ እጠብቃለሁ?" ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። አልቀረጽኩትም። ጫልቱ ብትቆጣ ትቆጣ።

በማግስቱ ራሱ ቅረጪኝ አለና ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ላንተ ተናገረ። ያለውን እዚህ አልጽፈውም፤ ያንተና የሱ ነው።

ቅዳሜ በአዳራሹ ይታያል። ጫልቱ ጨለማው ላይ ፎቶህን ላድርግበት ብትለኝ እምቢ አልኩ። ጥፋቴ ነው፣ እንዳለ ይታይ። ፊልሙ ሳይጀመር ተነስቼ ይህንኑ በሰው ፊት እናገራለሁ፤ ታምሩም ልጃችንም ይሰሙኛል።

ይቅርታ አድርግልኝ አልልህም፣ መልስህን የምሰማበት መንገድ የለኝም። ማስታወሱን ግን ቃል እገባልሃለሁ። ሳቅህን ብቻ መርጬ አይደለም። በሩን እያየህ የጠበቅክባቸውን ቀናትም እይዛቸዋለሁ፤ እነሱን የሰጠሁህ እኔ ነኝና።

ያንተው አስካለ