የደባሌ የለይኩን ጣጣ

ለተከበሩ እትዬ ሣህሊቱ፣

እንደምን ከረሙልኝ? እኔም ሥራዬም ደኅና ነን፣ ጌታ ይመስገን።

ደባሌ ለይኩን ግን ከሳንታ ሞኒካው ሆቴል ተቀንሶ ለሥራ አጥ ክፍያ አመልክቶ ነበር። ከቢሮው አንዲት ሴት ደውላ «ባለፈው ሳምንት ሠርተሃል?» ብትለው፣ ሥራ ፈት ነኝ ማለት አሳፍሮት «ተመስገን፣ ሥራ በሽ ነው!» አላት። ክፍያው ታገደ። ይህን ሞኝ ምን ይሉታል?

ሊያስተካክል መልሶ ሲደውል ግማሽ ቀን ሙዚቃ አስደመጡት። በመጨረሻ ሴትየዋ ብታነሳ፣ የልጆቿን ጤና ጠይቆ ሳይጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ገና ወደ እናቷ እንኳ አልደረሰም ነበር!

እትዬ፣ አደራዎን፣ ሰሞኑን በእኔ ስልክ እንዳይደውሉ። ሴትየዋ መልሳ ልትደውል ትችላለች።

ልጆቹን ሁሉ ይሳሙልኝ።

ሥራ የበዛበት ታናሽዎ፣
ዳኜ፣ ከፌርፋክስ