ከአባባ ቃል ላይ የቆረጥሁት ሦስት ደቂቃ ተኩል

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የወገብ ሕመምህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዛለህ? ባለቤትህና ልጆችህ እንዴት ናቸው? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያመኛል፣ ያለ መነጽርም ክር በመርፌ ማሾለክ ትቻለሁ፤ ከዚህ በቀር ምስጋና ይግባው ምንም አልሆንሁም። ቤቱም ደህና ነው። የጓሮው ጣሪያ ባለፈው ዝናብ ሲያፈስብኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ወጥቶ ደፈነልኝ። መሰላሉን ሙጭጭ አድርጌ ስይዝለት አይቶ፣ የመብራት ሠራተኛ ልጅ ሆነሽ መሰላል ትፈሪያለሽ ብሎ ሳቀብኝ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። መልስ ልጽፍ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ እንዳስቀመጥሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ጣቢያችን ስልሳኛ ዓመቱን ሲያከብር የድሮ ፕሮግራሞቹን በየቅዳሜው መልሶ ማሰማት ጀምሯል፤ ሬዲዮም ዛሬ በስልክ ገብቶ የማይደርስበት የለም። እናም አባባ ካረፈ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ድምፁ ወጥ ቤትህ ድረስ መጣልህ። ስለ ምሰሶው፣ ስለ አምፖሉ፣ ስለ አህያው ሳይቀር ሲያወራ ስለ እኔ ትንፍሽ አላለም፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅሁ ብለህ ጻፍህልኝ። በበጋ ልጆቹን ይዘህ ልትመጣ ያሰብኸውንም እንደተውኸው ነገርኸኝ። ሌባ እንዳለኝ የሞተ ሰው ቤት ምን ልሠራ እመጣለሁ አልህ።

ወንድም ጋሼ፣ አባባ ሌባ እንዳለህ አልሞተም። ያለውን አንስቶታል። ያነሳበትን ቃል የቆረጥሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። የታችኛው ሰፈር መብራት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከመጋዘኑ አንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦ ጠፋ። አባባ የሠራተኞቹ አለቃ፣ አንተ ረዳቱ፤ ቁልፉ ከሁለታችሁ እጅ አይወጣም። ሠራተኛውና ጎረቤቱ በራችን ላይ ተሰብስቦ ሳለ፣ እኔ አልወሰድኩም፣ እንግዲህ የቀረው ልጄ ነው ብሎ ተናገረ። ሦስት ቀን ታሰርህ፤ ማስረጃ ሲጠፋ ተለቀቅህ፤ በማግስቱ ልብስህን በአንድ ከረጢት ይዘህ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ስምህን ትቶ "ሽቦው" ይልህ ጀመር። እኔንም ትምህርት ቤት "የሽቦው እህት" ይሉኝ ነበር። ይህን አልነገርሁህም፤ የአንተው ሸክም ይበቃሃል ብዬ ነው።

ከዚያ አደግሁና ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጠርሁ። ሥራዬ ቴፕ መቁረጥና መቀጠል ነበር። የዛሬዎቹ ልጆች በኮምፒውተር ይሠሩታል፤ እኛ ግን በምላጭ ነበር። ቡናማውን ቴፕ በእጅ ወደፊት ወደኋላ እያሽከረከርን ቃሉ የሚጀምርበትን እንፈልጋለን፣ ምልክት እናደርግበታለን፣ አግድም እንቆርጥና በማጣበቂያ እንገጥማለን። ሳል እንቆርጣለን፣ "እእ" እንቆርጣለን፣ ያመለጠ ስድብ እንቆርጣለን። አልዋሽህም፣ ጎበዝ ነበርሁ። እሷ የቆረጠችው አይሰማም ይሉኝ ነበር፣ እኔም ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋል።

"ከተማችን ያኔ" የተባለውን ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ሰው ነበርና "ጉሮሮ" እንለው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። በየቅዳሜው አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት እየጠራ ከተማው እንዴት እንደነበረ ያስወራል። የመጀመሪያውን አውቶቡስ የነዳው ሹፌር መጥቷል፤ ሲኒማ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ትኬት የቆረጠችው ሴት መጥታለች። አንድ ቀን የታችኛውን ሰፈር መብራት ያስገባው ሰው በሕይወት አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ አለ እንጂ፣ አባቴ ነው አልሁት።

አባባ ጡረታ ሲወጣ ከተሸኘበት ቀን በቀር ለብሶት የማያውቀውን ኮት ለብሶ መጣ። ማይክሮፎኑ ፊት ከመቀመጡ በፊት ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ ይኼ ነገር እሱ ያለበት አገር ይደርሳል ወይ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። እንዳይጨነቅ ብዬ፣ አዎ አባባ፣ ሬዲዮ የማይደርስበት የለም አልሁት። የእኛ ጣቢያ ያኔ ከወንዙ ማዶ ያለውን ኮረብታ አያልፍም ነበር።

ያወራውን ሰምተኸዋል። አህያው የሽቦ ጥቅል እንደ ተጫነ የመጀመሪያው አምፖል ቦግ ሲልበት ደንብሮ ገበያውን እየዞረ ሽንኩርት ሻጮቹን ከፖሊሱ ጋር በሽቦው አንድ ላይ እንዳሰራቸው ሲያወራ፣ ጉሮሮ ከሳቁ ብዛት እንባውን በክራባቱ ጠረገ። ጨዋታው አለቀ ብለን ጉሮሮ ሊያመሰግነው ሲል አባባ እጁን አነሳ። ከዚያ ያለውን ሦስት ደቂቃ ተኩል አንተ አልሰማኸውም።

ቀረጻው ሠላሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ሆነ፤ የተፈቀደልን ሃያ ስምንት ነው። ጉሮሮ ኮፍያውን እያነሳ፣ የሚቆረጠውን አንቺ ታውቂያለሽ፣ አባትሽ ነው ብሎኝ ወጣ። ማንም አላዘዘኝም። አህያው ብቻውን አራት ደቂቃ ሙሉ ነበር። አህያው አለፈ፣ ወንድሜ ተቆረጠ።

ምክንያት ልደረድርልህ እችላለሁ። የቤታችንን ገመና ከተማው ለምን ይስማ አልሁ። ሰዎች የሽቦውን ነገር ገና መርሳት ሲጀምሩ ለምን ይነሳ አልሁ። እውነቱ ግን ቅናት ነው። እግሩን የማጥብ፣ መድኃኒቱን የማስታውስ፣ ሲሰለቸው የሚቆጣኝ እኔ ነበርሁ። በዚያ ሁሉ ወሬው ውስጥ እኔን አንዴም አላነሳኝም፤ ድምፁ የተሰበረው ለአንተ ብቻ ነው። የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ልጡ ሆዴ ውስጥ ሲነከር ከረመና ያን ቀን ምላጭ ሆኖ ወጣ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነበርሁ እንዳልል እንኳ አያመችም።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። አባባ ወንበሩን ሬዲዮኑ አጠገብ አስጠግቶ ጆሮውን ሰጠ። በአህያው ሁሉም ሲያሽካካ እሱ አልሳቀም፤ መጨረሻውን ነበር የሚጠብቀው። ጉሮሮ እናመሰግናለን ሲል አባባ፣ አለቀ እንዴ አለ። ሰው ሲሄድ ሙሉው ነው የወጣው ብሎ ጠየቀኝ። መጨረሻው ላይ ቴፑ ተበላሽቶ ነው አልሁት። እንግዲያው ደግሜ እናገረዋለሁ አለ። በደብዳቤ ልጻፍለት ወይ ብለው እምቢ አለኝ። ከተማው እየሰማ ነው ያልኩት፣ ከተማው እየሰማ ነው የማነሳው አለ።

እሺ አልሁትና ዛሬ ነገ ስል አምስት ወር አለፈ። አንዴ ጉሮሮ እረፍት ወጥቷል እለዋለሁ፣ አንዴ ማይክሮፎኑ ብልሽት አለበት። በስድስተኛው ወር ግማሽ አካሉ ሰነፈና ምላሱ ተሳሰረ። ተኝቶ ሳለ በግራ እጁ ወደ ሬዲዮኑ እየጠቆመ ያስቸግር ነበር። ጠያቂዎች ይከፍቱለታል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሙዚቃ ፈልጎ ይሆናል ብለው ጣቢያ ይቀይሩለታል፣ አሁንም ይነቀንቃል። ምን እንደሚፈልግ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ደግሞ ውሃ ላምጣ ብዬ ወደ ውጭ እወጣ ነበር።

በቀብሩ ማግስት ስትደውል፣ ስለ እኔ ያለው ነገር አለ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። መናገር አይችልም ነበር አልሁህ። ውሸት አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን እውነት ግን ከውሸት በምን እንደምለየው እስካሁን አላውቅም። እያደር ለመናገር ይበልጥ ከበደኝ፣ ሆድ ይፍጀው እያልሁ እዚህ ደረስሁ።

የቆረጥሁትን ቴፕ እንደ ልማዳችን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ስሠራ ዋልሁ፤ ከሥራ ስወጣ ቅርጫቱ ውስጥ ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር ጣልሁት። የጽዳት ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ታቃጥለዋለች። ስለዚህ ድምፁን ልልክልህ አልችልም። ቃሉን ግን አልረሳሁትም፤ ቆራጭ የሚቆርጠውን ደጋግሞ ስለሚሰማ ነው። እንዲህ አለ፦

"አንድ ነገር ቀርቶኛል። መብራቱ ሊገባ ሲል አንድ ጥቅል ሽቦ ጠፍቶ ነበር፤ የሰፈር ሰው ያስታውሳል። ልጄ ነው ብዬ በሬ ላይ ቆሜ ተናግሬአለሁ። ልጄ አልነበረም። ጡረታ ስወጣ መሳቢያዬን ሳጸዳ አንድ ወረቀት አገኘሁ። ሽቦው ለላይኛው ሰፈር ሠራተኞች ተሰጥቷል ይላል። ከታች ያለው ፊርማ የኔ ነው። ፈርሜ ሰጥቼ ረስቼዋለሁ። ወረቀቱን ካገኘሁት አራት ዓመቴ ነው፤ አራት ዓመት ኪሴ ይዤው ዞርኩ።" እዚህ ላይ ከኮቱ ኪስ አወጣው። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። "ልጄ፣ የምትሰማኝ ከሆነ፣ ሌባ አይደለህም። ሳላውቅ መናገሬ አንድ ጥፋት ነው፤ ካወቅኩ በኋላ ዝም ማለቴ ይብሳል። ናና ፊት ለፊት ስደበኝ። እናንተም የሰፈር ሰዎች፣ ሽቦው አትበሉት። ስሙን መልሱለት።"

ይኸው ነው። አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። ፕሮግራሙን እንደገና ከከፈትኸው፣ መጨረሻው ላይ "ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ጨለማ አያውቅም" ይላል፣ ከዚያ የጉሮሮ ምስጋና ይከተላል። በሁለቱ መካከል አባባ ትንፋሽ ይስባል። ያ ትንፋሽ "አንድ ነገር ቀርቶኛል" ሊል የሳበው ነው። ከሦስት ደቂቃ ተኩሉ ለአንተ የተረፈህ እሱ ብቻ ነው።

ደብዳቤህን ካነበብሁ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም። ትናንት ሳምንት በሞላው ቅዳሜ ጣቢያው ሄጄ፣ ዛሬ ፕሮግራሙን የምትመራውን ልጅ አንድ ትዝታ አለኝ አልኋት። እንቅረጽሽ ስትለኝ አይሆንም፣ ቀጥታ ይሁን አልሁ። የአባባን ቃል እንዳለ ተናገርሁ፤ የቆረጥሁት እኔ እንደሆንሁም ተናገርሁ። ከዚያ ሦስት ሰው ደወለ። ሁለቱ የአህያውን መጨረሻ ነበር የጠየቁት። ሦስተኛው የመጋዘኑ የድሮ ዘበኛ ነው፤ ድምፁን ለመስማት ያስቸግራል። ልጁ በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አለ ስለው፣ ያኔ እኔም ወደ መጋዘኑ ሲገባ አይቼዋለሁ ብዬ መስክሬበት ነበር፣ ረዳት ሆኖ እንዴት አይገባም፣ ይቅር በለን በይው አለኝ። ልብስ ሰፊው ሁለት ቀን ሰላምታ ነሳኝ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠና፣ እኔም ሽቦው እለው ነበር ብሎ አንገቱን ደፋ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑ አልጠፋኝም። ከተማው የሰማው የእኔን ድምፅ ነው እንጂ የአባባን አይደለም። አባባ ልሰደብ ብሎ የለመነህን ስድብ ለመስማት የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ልትሰድበኝ መብት አለህ። በደብዳቤ ይቅር ብዬሻለሁ ብለህ እንዳትጽፍልኝ ግን እለምንሃለሁ፤ ወረቀት ላይ በቀላሉ ይጻፋል። ዓይኔን ማየት ከከበደህ ደግሞ ቁልፉን ልብስ ሰፊው ጋ ትቼልህ አክስታችን ዘንድ እሄዳለሁ፣ እስክትመለስም አልመጣም። በእኔ ጥፋት ልጆችህ የአባባን ቤት ሳያዩ አይደጉ።

ባለቤትህን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ክንዱን አሳጥሬ እየለበስሁት ነው። ትልቁን ልጅህን፣ ፈተናውን በማለፉ እንኳን ደስ አለህ ብላሃለች በለው። አክስታችን ትስምሃለች፤ ጆሮዋ ስለደከመ ፕሮግራሙን አልሰማችም፣ ሁሉንም ቁጭ ብዬ ነግሬያት እያለቀስን ነው ያሳለፍነው። ልብስ ሰፊውም ሰላም ብሎሃል፣ በስምህ ጠርቶ።

ትንሿን ልጅህን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ። ያን ቀን አጠገብህ ቆማ ይህ የሚያወራው ሽማግሌ ማነው ብትልህ፣ የመብራት ሠራተኛ ነው ብለህ እንዳለፍሃት ጽፈህልኛል። አያትሽ ነው በላት።

የበደለችህ ታናሽ እህትህ

ከአባባ ቤት፣ ከበረንዳው
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ስድስት ቀን