ሚስተር ግሬግን የምበቀልበት ሳምንት

ማክሰኞ

ፈገግ ብሎ ነው የሰደበኝ። ቢቆጣ ኖሮ መልስ አላጣለትም ነበር። ለፈገግታ ግን ምን ይመለሳል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ የወላጆች ቀን ነበር። እህቴ፣ እታለም፣ ከሥራ መውጣት ስላልቻለች በሷ ቦታ የሄድኩት እኔ ነኝ። ልጇ ፌቨን አሥረኛ ክፍል ናት። የኮምፒውተር ኮርሱን ክፍል ሳትቀመጥ በፈተና ብቻ ማለፍ ትፈልጋለች፤ ትምህርት ቤቱም ይፈቅዳል። ለጉራ አይደለም። የነርስ ረዳትነት ትምህርት የሚሰጠው በዚያው ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩን ካለፈች እዚያ ትገባለች፣ ካላለፈች ቦታው ለሌላ ልጅ ይሄዳል። እናቷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ እያየች ስላደገች ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም።

የኮምፒውተር አስተማሪው ግሬግ ሆልም ይባላል። ፌቨን ሚስተር ሆልም ትለዋለች፣ እኔ ሚስተር ግሬግ።

«ልጅቷ ዝግጁ ናት፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

«እርስዎስ የት ተማሩ፣ ሚስተር ወርቁ?»

ወርቁ አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማር። እኔ ዳንኤል ነኝ። ተውኩት።

«ራሴን በራሴ።»

ያኔ ነው ፈገግ ያለው። «ደስ ይላል። እኛ ግን እዚህ በሥርዓቱ ነው የምናስተምረው። ኮርሱን ብትወስድ ይሻላታል።»

በሥርዓቱ! እኔ ብሉሚንግተን ከተማ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል እየነዳሁ፣ ኤርፖርት ቆሜ እንግዳ ስጠብቅ፣ ላፕቶፑን መሪው ላይ አስደግፌ የተማርኩት ሥርዓት አይደለማ! ፈተናው ሐሙስ ነው። አሳየዋለሁ።

ረቡዕ

የበቀል ዕቅድ፦

ፌቨን መቶ ከመቶ ታመጣለች።

ውጤቷን ባነር አሳትሜ መኪናዬ ጎን ላይ እለጥፈዋለሁ። ትምህርት ቤቱን ሁለት ጊዜ እዞረዋለሁ። ሦስትም ሊሆን ይችላል።

ለሚስተር ግሬግ ኬክ ይላካል። ላዩ ላይ «በሥርዓቱ የተጋገረ» ተብሎ ይጻፍበታል።

ፌቨን ይህን ሳነብላት «ጋሼ፣ ዩ አር ኖት ኖርማል» አለችና መጽሐፏን ገለጠች።

ከሥራ መልስ ተለማመድን። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፦ ሠንጠረዥ፣ ስላይድና ደብዳቤ። ለሠንጠረዡ ጥያቄ አወጣሁላት፤ ግሬግ የሚባል ሰው ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ስንት ስንት ጊዜ ፈገግ እንዳለ ጽፌ አማካዩን አውጪ፣ በግራፍም አሳዪ አልኳት። እየሳቀች ሠራችው። ስላይዱንም እንዲሁ። ስትጽፍ ጣቶቿ አይታዩም።

ከዚያ የኔ ሙያ መጣ። ለቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ የጥሪ ደብዳቤ የማወጣው እኔ ነኝ። አንድ ደብዳቤ ትጽፋለህ፣ ከስም ዝርዝር ጋር ታገናኘዋለህ፣ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሰው በየስሙ ያወጣዋል። ሜይል መርጅ ይሉታል። የምእመናኑን ዝርዝር ሰጠኋት። «ማዕረግ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያ ስም። ሳታስቢ እስክትሠሪው ድረስ ድገሚው» አልኳት። ውድ አቶ ከበደ፣ ውድ ወይዘሮ አስቴር፣ ውድ አቶ ሽመልስ። አንድ አልሳተችም።

በምንኖርበት በኩን ራፒድስ እንደኔ ያለ አስተማሪ የለም።

ሐሙስ

ወደቀች።

ማለፊያው ሰማንያ ነው፣ ሰባ አራት አመጣች። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረችና ወረቀቱን ጭኔ ላይ ጣለችው። ሠንጠረዡ ሙሉ። ስላይዱ ሙሉ። ደብዳቤው ዜሮ።

ደብዳቤዎቹ በሙሉ «ውድ ሚስስ ሊንዳ»፣ «ውድ ሚስተር ስቲቭ» ብለው ወጥተዋል። እኛ ዘንድ አቶ የሚባለው ሰውየው ራሱ ነው። እዚህ ሚስተር የሚባለው የቤተሰቡ ስም ነው። የኖርኩበት አገር ነው፣ አጥቼው አይደለም። ግን ስንት ዓመት ደብዳቤ ሳወጣ አቶን ከአባት ስም ጋር አስቀምጬ አላውቅም።

«አውቀው ነበርኮ!» አለችኝ። «ሳታስቢ ሥሪው አልከኝ፣ ሳላስብ ሠራሁት።»

ሾፌር ነኝ፣ ነዳሁ።

ባለፈው ሚስተር ግሬግ እኔን በሟች አባቴ ስም ሲጠራኝ ማን ነጥብ ቀነሰበት? ማንም!

አርብ

ለርእሰ መምህሩ ኢሜይል ጻፍኩ። ረጅም ነው። «ንቀት» የሚለው ቃል ብዙ ቦታ አለበት። ከመላኬ በፊት ለፌቨን አሳየኋት።

አንብባ ስትጨርስ «ይሄ ለኔ ነው ወይስ ላንተ?» አለች። «እኔ የምፈልገው የነርስ ክፍሉን ነው፣ እሱን አይደለም። ደግሞ በምሳ ሰዓት ሄጄ አናግሬዋለሁ።»

«ማንን?»

«ሚስተር ሆልምን ነዋ።»

እኛ ቤት ስም እንዴት እንደሚጠራ አስረድታዋለች። ሰማትና «ነጥቡን አልለውጥም። የደብዳቤውን ክፍል ብቻ ግን ሰኞ ጠዋት በሌላ ዝርዝር ድገሚው» አላት። የነርስ ረዳትነቱ ምዝገባም የሚዘጋው ሰኞ ነው።

ጠላት ሲራራ የዚያን ያህል እንደሚያናድድ አላውቅም ነበር።

እታለም ስትሰማ ጮኸችብኝ። «አንተ ከሰውዬው ጋር ስትፎካከር ነው ልጄን ያስወደቅካት! ቀልድህን ተውና አስተምራት!»

ኢሜይሉን አልላክሁም። ለሰኞ ይቆይ።

ቅዳሜ

እንደገና ተለማመድን። ያንኑ የቤተ ክርስቲያን ዝርዝር ይዘን፣ አሁን ግን በአባት ስም። አቶ ከበደ ጠፍተው አባታቸው መጡ። የወይዘሮ አስቴርም አባት «ውድ ወይዘሮ ደምሴ» ተብለው ወጡ።

«ጋሼ፣ የጠራናቸው ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል።»

«ለዚህ ነዋ አዳራሹ የማይሞላው!»

ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከእጄ ወሰደችና የዝርዝሩን ዓምዶች ራሷ አዘበራረቀች፤ በልማድ ሳይሆን አንብባ እንድትመርጥ። ደብዳቤዎቹንም አንድ በአንድ ሳታይ አትጨርስም። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ትንሽ ከፋኝ። ትንሽ ደግሞ ደስ አለኝ።

እሑድ

ፓስተሩ ጠላትን ስለ መውደድ ሰበከ። እታለም በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። «ሰኞ ይለፍ» አልኳት።

ሰኞ

ሺፍት ተቀያይሬ በጠዋት አደረስኳት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። «እንዳትገባ፣ እባክህ» አለችኝ። መኪናው ውስጥ ቀረሁ።

ለሚስተር ግሬግ ሁለት ንግግር አዘጋጅቻለሁ፦ ካለፈች የምናገረው፣ ከወደቀች የምናገረው። ሁለቱም መርዝ ናቸው። መስታወቱ ውስጥ እያየሁ ተለማመድኳቸው። የወደቀችበት ይሻላል፣ ግን ያንን መጠቀም አልፈለግሁም። እጄን ማሞቂያው ላይ አድርጌ ጸለይኩ፣ ምን ብዬ እንደሆነ ግን አልጽፈውም።

ያለ ጃኬት እየሮጠች መጣች። መስኮቱን ከፈትኩ።

«አለፍኩ!»

«ክፍሉስ?»

«ገባሁ! ተመዘገብኩ!» ጥርሷ በብርድ ይንገጫገጫል። «የምትመዘግበው ካውንስለር ስብሰባ ልትገባ ነበር። ሚስተር ሆልም አርሞ እንደጨረሰ ራሱ ይዞኝ ሄደ። ኮሪደሩን ሮጠን ነው የደረስነው። ይቺን ልጅ ሳትመዘግቢ እንዳትሄጂ አላት።»

«እሱ ራሱ?»

«እሱ ራሱ።»

«ፈገግ ብሎ?»

«ኧረ ጋሼ! እያለከለከ!»

ሮጣ ተመለሰች። ለእታለም ደወልኩላት፤ እልልታዋን የመጦሪያው ሰው ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ስድስት ቀን ሙሉ ያሳደግኩትን ጠላት እንዲህ በአንድ ጠዋት ይነጥቁኛል? ካለፈች የምናገረውን ንግግር ለማን ልናገር?

ሞተሩን ሳስነሳ ሰውየው በሸሚዝ ብቻ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል፣ ልጅቷ መግባቷን ሊያይ ይመስለኛል። አየኝና እጁን አነሳ። እኔም አነሳሁ። ወዲያው አወረድኩት፣ ግን አይቶኛል።